የዴንማርክኛ ግሶችን በእንግሊዝኛ በኩል ስንማር የሚያስቱን ነገሮች

«ያይ ቪል ጎ ቲል ኮበንሃውን።» እንግሊዝኛ የሚችል ሰው ይህን ዓረፍተ ነገር ሲያይ ደስ ይለዋል። ከ«አይ ዊል ጎ ቱ ኮፐንሃገን» ጋር ቃል በቃል ገጥሞለታል። «ወደ ኮፐንሃገን እሄዳለሁ» ማለት ነው ብሎ ያልፈዋል። ዴንማርካዊው ግን የሚሰማው ሌላ ነው፤ «ወደ ኮፐንሃገን በእግሬ መሄድ እፈልጋለሁ።» ተናጋሪው ያለው ኦርሁስ ከተማ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። በመሀል ባሕር አለ። ባሕሩን የሚያሻግረው የስቶረቤልት መስመር 18 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ እግረኛም ብስክሌትም አይገባበትም።

«ቪል»ም «ጎ»ም የእንግሊዝኛ ወንድም አላቸው። ሁለቱም ግን ከወንድሞቻቸው ሌላ ሥራ ነው የያዙት።

ዴንማርክ የሚኖር አማርኛ ተናጋሪ አብዛኛውን ጊዜ ቋንቋውን የሚማረው በእንግሊዝኛ በኩል ነው። ስልኩ ላይ ያለው መተግበሪያ በእንግሊዝኛ ነው። የክፍል ጓደኛው ግራ ሲገባውም የሚያስረዳው በእንግሊዝኛ ነው። ለስሞች ይህ መንገድ ብዙም አይጎዳም። ለግሶች ግን ብዙ ቦታ ላይ ያስታል። እኔ እንደማየው፣ ጥቂት የማይባሉ የዴንማርክኛ ግሶችን እንግሊዝኛን ዘሎ በቀጥታ ከአማርኛ ጋር ማያያዝ ይቀላል።

ስለ አጻጻፉ አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። ፊደላችን ለዴንማርክኛ ድምፆች አልተሠራም። እዚህ የማሰፍረው ለጆሮ የሚቀርበውን ነው። ዴንማርኮች ራሳቸውም ከሚጽፉት ውስጥ ብዙውን ይውጡታል።

መመሳሰሉ ከየት መጣ?

ሁለቱም ቋንቋዎች ጀርማኒክ ከሚባለው ቤተሰብ ናቸው። አያታቸው አንድ ነው። በዚያ ላይ ታሪክ እንደገና አገናኛቸው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ865 ትልቅ የቫይኪንግ ጦር እንግሊዝ ገባ። የአገሪቱ ሰሜንና ምሥራቅ በዴንማርኮች እጅ ወደቀ፤ ያ አካባቢ ኋላ ዴንሎ ተባለ። በ1016 ደግሞ ክኑት የተባለው የዴንማርክ ልዑል የእንግሊዝ ንጉሥ ሆነ። ከመጡት ብዙዎቹ እዚያው ቀሩ፣ አረሱ፣ ተጋቡ።

ከዚያ ጉርብትና እንግሊዝኛ የወረሳቸው ግሶች የየዕለት ግሶች ናቸው፦ «ቴክ»፣ «ጌት»፣ «ኮል»፣ «ካስት»፣ «ሬይዝ»፣ «ሂት»። የጥንቱ እንግሊዝኛ ለመውሰድ «ኒማን» የሚል የራሱ ግስ ነበረው። «ቴክ» መጥቶ ቦታውን ወሰደበት። ዛሬ ዴንማርኮች ለመጥራት «ካለ»፣ ለመወርወር «ካስተ» ሲሉ የምንሰማው ዝምድና ከዚያ የመጣ ነው።

ዝምድናው ግን ትርጉምን አይጠብቅም። «ሂት» በእንግሊዝኛ መምታት ነው። የዴንማርኩ «ሂተ» ማግኘት ነው። የድሮው የቫይኪንጎች ቃል «አንድ ነገር ላይ መድረስ፣ መገናኘት» የሚል ነበር፤ አንዱ ጋ መምታት ሆነ፣ ሌላው ጋ ማግኘት ሆነ። ባቡር ውስጥ የረሳችሁትን ጃንጥላ የምትጠይቁበት ክፍል «ሂተጎስ» ይባላል፤ የተገኘ ዕቃ።

«ጌት» ደግሞ እንግሊዝኛ ውስጥ ገብቶ ያልነካው ነገር የለም፤ ማግኘት፣ መሆን፣ መድረስ፣ መረዳት ሁሉ በ«ጌት» ይነገራል። የዴንማርክ ዘመዱ ግን ጠቦ ጠቦ አንዲት ቦታ ላይ ቀረ። በፊደላችን ሲጻፍ «ጊደር» ነው የሚመጣው፤ ከከብቶቹ ጋር ግን ዝምድና የለውም። «ያይ ጊደር ኢከ» ማለት «አላሰኘኝም፣ ደበረኝ» ማለት ነው። መሥራት ትችላለህ፣ ጊዜም አለህ፣ ግን ደበረህ። እንግሊዝኛ ይህን በአንድ ግስ አይልም። አማርኛ ይላል። ጥያቄ ሲሆን ደግሞ ትሕትና ይሆናል፤ «ጊደር ዱ…?» ብሎ የጀመረ ሰው «በሩን ትዘጋልኛለህ?» ዓይነት ነገር ሊጠይቃችሁ ነው።

እንግሊዝኛን የምታምኑበት ቦታ

ሁሉም ወጥመድ አይደለም። የመሀል አናባቢ እየለወጡ ጊዜን የሚያሳዩት ግሶች እጅ ለእጅ ይሄዳሉ። እንግሊዝኛው «ሲንግ፣ ሳንግ፣ ሰንግ» ሲል ዴንማርክኛው «ሲንገ፣ ሳንግ፣ ሱንገት» ይላል። መጠጣትም፣ መስጠትም፣ ማየትም እንደዚያው። ሰበረ፣ ይሰብራል፣ ስብር እያለ ላደገ ሰው ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ተነባቢው ቆሞ አናባቢው መለዋወጡን ለምደነዋል።

ከአማርኛ ለሚመጣ ሰው ትልቁ እፎይታ ሌላ ነው። የዴንማርክኛ ግስ ለማንም አይለወጥም። እኔም፣ አንቺም፣ እሷም፣ እነሱም «ኤር» (ነኝ፣ ነሽ፣ ናት፣ ናቸው) ናቸው። ሄድኩ፣ ሄድክ፣ ሄድሽ፣ ሄደች፣ ሄዱ የሚባል ነገር የለም። እንግሊዝኛ ላይ «ሂ ጎዝ» እያልን የምንጨምራት «ዝ» እንኳን የለችም። ዋጋው ምንድን ነው? ባለቤቱን መተው አይቻልም። እኛ «መጣች» ብለን ዓረፍተ ነገር እንጨርሳለን። ዴንማርክኛ «ሁን»ን (እሷን) ሳይጠራ አይሆንለትም።

ለጥያቄም እንደ እንግሊዝኛው «ዱ» የሚባል ረዳት አይፈለግም። ግሱን ወደፊት ማምጣት ብቻ ነው፤ «ታለር ዱ ዳንስክ?» (ዴንማርክኛ ትናገራለህ? የዴንማርኩ «ዱ» «አንተ» ማለት ነው።) ዓረፍተ ነገሩ በ«ነገ» ወይም በ«እዚህ» ከጀመረ ደግሞ ግሱ ወዲያው ሁለተኛ ቦታ ይይዛል፣ ባለቤቱ ከኋላ ይሄዳል። ግሱን መጨረሻ ላይ ለምናስቀምጥ ለእኛ ይህ ጊዜ ይፈልጋል። አቋራጭ የለውም።

ቪል፣ ስካል፣ ሞ፣ ካን

ዋናው ጉድ እዚህ ነው። አራቱ ከ«ዊል»፣ «ሻል»፣ «ሜይ» እና «ካን» ጋር የሚዛመዱ ረዳት ግሶች ናቸው። አራቱንም በእንግሊዝኛ ከያዛችኋቸው ያወዛግቧችኋል።

«ቪል» አብዛኛውን ጊዜ ፍላጎት ነው። «ያይ ቪል የም!» ሱቅ ውስጥ ያለቀሰ ልጅ የሚለው ነው፤ ቤቴ መሄድ እፈልጋለሁ! ብቻውን ሲሆን ጠንከር ይላል። «ጌርነ» ሲጨመርበት ይለሰልሳል። ካፌ ገብታችሁ «ያይ ቪል ጌርነ ሀ ኤን ካፈ» ስትሉ «ቡና ፈልጌ ነበር» እንደማለት ነው። ዴንማርክኛ «እባክህ» የሚል አንድ ለሁሉም የሚሆን ቃል የለውም። ስለዚህ ትሕትናውን የሚሸከሙት እንዲህ ያሉ ቃላት ናቸው። «እባክህ» የሌለበት ንግግር የሰማ ሰው ባለጌ ናቸው ብሎ ቢደመድም ይሳሳታል።

«ስካል» የታሰበ፣ የተወሰነ ነገር ነው። የእኛ «ል…ነው» ቁጭ ብሎለታል። «ያይ ስካል ቲል ሌየን» ማለት «ሐኪም ጋ ልሄድ ነው» ማለት ነው። ዓረፍተ ነገሩን ልብ በሉት፤ መሄድ የሚል ግስ የለበትም። «ስካል» እና «ወደ ሐኪሙ» ብቻ። በእንግሊዝኛ ይህን ብትሉ ጎደሎ ነው። እኛ ግን መንገድ ላይ ሰው ስናገኝ «ወዴት ነህ?» እንላለን፤ እዚያ ውስጥ መሄድ የት አለ? ዴንማርኮች ለዚሁ ጥያቄ «ቮር ስካል ዱ ሄን?» ይላሉ። ግዴታም በዚሁ ግስ ይነገራል። ገንዘብ ያዥዋ «ዱ ስካል ቤተለ» ካለች መክፈል አለብህ ማለቷ ነው። «ልትከፍል ነው» እና «መክፈል አለብህ» መካከል የሚለየው ሁኔታው ነው።

ተራ የወደፊት ነገር ሲሆንስ? ለአሁን ጊዜ የምንለው ግስ ራሱ ይበቃል። «ያይ ኮመር ኢ ሞርን።» ነገ እመጣለሁ። «እመጣለሁ» ለአሁንም ለነገም እንደሚሆን ሁሉ «ኮመር»ም ይሆናል። እዚህ ላይ «ቪል»ን መሰንቀር ከእንግሊዝኛ የመጣ ልማድ ነው።

«ሞ» ተንኮለኛ ነው። «ዱ ሞ ጌርነ» ማለት ይፈቀድልሃል። «ዱ ሞ ኢከ» ማለት ክልክል ነው። እዚህ ድረስ «ሜይ»ን ይመስላል። ችግሩ የክልከላው ክብደት ነው። ነርሷ ከቀዶ ሕክምና በፊት «ዱ ሞ ኢከ ስፒሰ» ካለች፣ ምግብ መንካት የለም ማለቷ ነው። «ባትበላ ይሻላል» ብሎ የሚያለዝብ ሰው ካለ ተሳስቷል። የእኛ «አይቻልም» ነው ትክክለኛው ክብደት። ይኸው ግስ ግምትም ይናገራል፤ ማታ ሥራ ውሎ የመጣን ሰው «ዱ ሞ ቬረ ትሬት» ይሉታል። ደክሞህ መሆን አለበት። እንግሊዝኛ እዚህ ላይ ከ«ሜይ» ወጥቶ ወደ «መስት» ይሻገራል። ዴንማርክኛ በአንዱ «ሞ» ይጨርሰዋል።

«ካን» ላይ አማርኛ ያሸንፋል። «ካን ዱ ዳንስክ?» ሌላ ግስ የለም፤ መናገር የሚል ቃል አልገባም። እንግሊዝኛ «ስፒክ»ን ካልጨመረ አይሆንለትም። እኛ ግን «ዴንማርክኛ ትችላለህ?» ነው የምንለው። ቃል በቃል ገጠመ።

ማሰብ ስንት ዓይነት ነው?

እንግሊዝኛ «አይ ቲንክ» ብሎ ሁሉንም ይገላገላል። ዴንማርክኛ ለዚያች አንድ ቃል አራት ግስ አለው፦ «ትሮ»፣ «ሲንስ»፣ «ቴንከ»፣ «ሜነ»። ተማሪዎች ለዓመታት የሚያደባልቋቸው የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ነው።

ዴንማርካዊ ጓደኛችሁን ምሳ ጋበዛችሁ እንበል። ዶሮ ወጡ ገና ምድጃ ላይ ነው። ሽታውን ብቻ ነው የሚያውቀው። «ያይ ትሮር ደን ኤር ስቴርክ» ይላል፤ የሚያቃጥል ይመስለኛል። አላረጋገጠም፣ ገምቷል። ቀርቦለት ጎረሰ። ፊቱ ቀላ፣ ውሃ ጠየቀ። አሁን የሚለው «ያይ ሲንስ ደን ኤር ስቴርክ» ነው። ቀምሷል፣ ፍርዱን እየሰጠ ነው። አሁንም «ትሮር» ቢል አልቀመሰም እንዴ ትላላችሁ።

«ትሮ» ቀላል ነው፤ «ይመስለኛል» ነው። በእግዚአብሔር ማመንም በዚሁ ግስ ነው። «ሲንስ»ን ግን የትኛው የአማርኛ ግስ ይይዘዋል? ግስ ብትፈልጉ አታገኙም። ቅጥያ ነው የሚይዘው። «ጨው በዛብኝ»፣ «ፊልሙ ረዘመብኝ»፣ «ቀሚሱ ጠበበኝ»፣ «ጣፈጠኝ»። ያቺ መጨረሻ ላይ ያለችው «ኝ» ናት «ሲንስ»። ነገሩን በራሴ አየሁት፣ እኔ ላይ እንዲህ ሆነ የምትል። «ፊልሙ ረዘመብኝ» የሚል ሰው ፊልሙን ሳያይ ሊል አይችልም። «ያይ ሲንስ»ም ልክ እንደዚያ ነው። በ«ቲንክ» በኩል የመጣ ሰው ይህን ደንብ በቃሉ ማጥናት አለበት። በ«ብኝ» በኩል የመጣ ግን አፉ ላይ አለለት።

«ቴንከ» ጭንቅላት ውስጥ የሚካሄደው ማሰብ ነው፤ ስለ ሰው ማሰብ፣ ሂሳብ ማሰብ። «ሜነ» ደግሞ አቋም ነው፤ ለዚህ «ማለት» ይበቃዋል። «ቫ ሜነር ዱ?» ሲሏችሁ እንደ ሁኔታው «ምን ማለትህ ነው?» ወይም «አንተስ ምን ትላለህ?» ነው።

ማወቅም ተከፍሏል። መረጃ ማወቅ «ቪደ» ነው፣ ሰው ወይም ቦታ ማወቅ «ኬነ» ነው። እዚህ እንግሊዝኛም አማርኛም አይረዱም፤ ሁለቱም አንድ ቃል ነው ያላቸው። በቃ መልመድ ነው።

ቁጭ ብሎ ማንበብ

እንግሊዝኛ «አይ አም ሪዲንግ» የሚለው «ኢንግ» አለው። ዴንማርክኛ የለውም። «ያይ ሌሰር» ለ«አነባለሁ»ም ለ«እያነበብኩ ነው»ም ይሆናል። አሁን እየሆነ መሆኑን መግለጽ ሲፈለግ ዴንማርካዊው የሚናገረው አካሉ ምን ላይ እንዳለ ነው። «ያይ ሲደር ኦ ሌሰር።» ቁጭ ብዬ እያነበብኩ ነው። «ያይ ስቶር ኦ ቬንተር።» ቆሜ እየጠበቅሁ ነው። «ሀን ሊገር ኦ ሶወር።» ጋደም ብሎ ተኝቷል። የእንግሊዝኛ ተማሪ «መቀመጡን ማን ጠየቀ?» ሊል ይችላል። እኛ ስልክ ተደውሎ «ምን እያደረግሽ ነው?» ስንባል «ቁጭ ብዬ ቡና እየጠጣሁ» አይደለም የምንለው? ያው ነው።

መራመድም በዚህ ሥራ ላይ ይገባል። «ያይ ጎር ኦ ቴንከር ፖ ዴ» ያለ ሰው እየተራመደ ላይሆን ይችላል። ነገሩ ሰሞኑን በሐሳቡ እየተመላለሰ ነው ማለት ነው።

ዕቃም እንደ ሰው ይቆማል፣ ይጋደማል። ሳህንና ጠርሙስ ጠረጴዛ ላይ ይቆማሉ፣ ቢላዋና መጽሐፍ ይጋደማሉ፣ ሥዕል ይንጠለጠላል። ማስቀመጥም በዚያው ልክ ይለያያል፤ ለሚቆመው «ስቲለ»፣ ለሚጋደመው «ሌገ»፣ ለሚሰቀለው «ሄንገ»። እኛ «አስቀመጠ» ብለን ዕቃውን ሁሉ ቁጭ ስለምናደርገው እዚህ ትንሽ መጠንቀቅ አለብን። ጽሑፍም ይቆማል። «ዴ ስቶር ኢ አቪሰን» ማለት ጋዜጣው ላይ ሰፍሯል ማለት ነው።

መጨረሻ ላይ ያለችው «ስ»

ዴንማርክኛ ግስ መጨረሻ ላይ «ስ» ሲጨምር የእኛን «ተ» ይሠራል። ስንለያይ «ቪ ሴስ» እንላለን፤ እንተያያለን። መገናኘት፣ መደባደብ፣ እርስ በርስ የሚደረግ ነገር ይህችን «ስ» ይወዳል። ተደራጊም በእሷ ይነገራል። ኮፐንሃገን ውስጥ ግድግዳ ላይ «ሲክለር ፊየርነስ» የሚል ጽሑፍ ካያችሁ ብስክሌታችሁን እዚያ አታቁሙ። ብስክሌቶች ይነሣሉ ይላል። ማን እንደሚያነሣቸው አይናገርም፤ አማርኛውም አይናገርም።

ከሁሉም የምወደው «ፊነስ» ነው። «ፊነ» ማግኘት ነው። «ስ» ሲጨመርበት «ይገኛል» ይሆናል። እንግሊዝኛ «ዘር ኢዝ» ወይም «ኤግዚስትስ» እያለ ሲዞር እኛ በቀጥታ እንገባለን፤ አባይ ኢትዮጵያ ውስጥ ይገኛል፣ እንዲህ ዓይነት መድኃኒት አይገኝም። ሁሉም «ፊነስ» ነው።

«ኖ» የሚባለውም ከአማርኛ ጋር ይገጥማል። መድረስ ነው፤ በቦታም በጊዜም። «ያይ ካን ኢከ ኖ ዴ» የሚለው «አልደርስም» ነው፤ አውቶቡሱ ላይም ይሁን ሥራው ላይ። አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ፦ ዴንማርኮች ወሬ እየሰሙ በየመሀሉ «ኖ፣ ኖ» ይላሉ። ያ ግስ አይደለም፣ እንግሊዝኛው እንቢታም አይደለም። «እህ፣ እንዲህ ነው?» እያሏችሁ ነው። ቀጥሉ።

ትንንሾቹ ተለጣፊዎች

እንግሊዝኛ «ጊቭ አፕ» እንደሚለው ዴንማርክኛም «ጊ ኦፕ» ይላል፤ ተስፋ መቁረጥ። ይህን ያየ ሰው ሁሉም እንዲህ ይገጥማል ብሎ ይዝናናል። አይገጥምም። «ስሎ» መምታት ነው። «ስሎ ኦፕ» ግን ቃልን መዝገበ ቃላት ውስጥ መፈለግ ነው፣ ጃንጥላ መዘርጋት ነው፣ ከፍቅረኛ መለያየትም ነው። «ሁን ሀር ስሎት ኦፕ» ሲባል ከሰማችሁ ልጁን አጽናኑት፤ ትታዋለች። «ስሎ ግሬስ» ሣር ማጨድ ነው። «ስሎ ኢየል» መግደል ነው። ሲነገርም ግሱ ይቀልላል፣ ክብደቱ ተለጣፊው ላይ ያርፋል፤ ጆሯችሁን እዚያ ላይ አድርጉ።

«ደን ዳንስከ ኦርቦው» የሚባለው ትልቅ የዴንማርክኛ መዝገበ ቃላት በኢንተርኔት በነፃ አለ፤ አነባበቡንም በድምፅ ያሰማል። ዴንማርክኛውን በዴንማርክኛ ነው የሚፈታው፣ መጀመሪያ ላይ ይከብዳል። አንድ ግስ ስትፈልጉ ወደ ታች ውረዱና «ፋስተ ኡድትሩክ» (ቋሚ አገላለጾች) የሚለውን ክፍል እዩ። «ስሎ» ከማን ጋር ሲሄድ ምን እንደሚሆን ተዘርዝሮ የምታገኙት እዚያ ነው።